እንቁላሉን ማን ይገዛል?

ሐረር ላይ ለሕፃናት ማሳደጊያ ደጋፊዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «አንድ ክርስቲያናዊ የሕፃናት ማሳደጊያ እንዴት ራሱን ይችላል?» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ሰው ርኅራኄውንና የፕሮጀክት ሐሳቡን ይዞ ይመጣል። ርኅራኄው አይጎድለንም። የፕሮጀክት ሐሳብም ሞልቷል፤ ዶሮ ይርባ፣ ዳቦ ቤት ይከፈት፣ ላም ይገዛ፣ ወፍጮ ይተከል ይባላል። ሳይነሣ የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው፦ እንቁላሉን ማን ይገዛል? ጥያቄው የነጋዴ ይመስላል። ሐረር ላይ ሲጠየቅ ግን የጉርብትናም፣ የእምነትም፣ የታሪክም ጥያቄ ስለሚሆን፣ ዛሬ የተሰጠኝን ጊዜ በእርሱ ዙሪያ እጨርሰዋለሁ።

አስቀድመን ወጪውን እንመልከት። አርባ ልጆች የሚያድጉበትን ቤት አስቡ፤ የትኛውም ቤት ሊሆን ይችላል። በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል። ሞግዚቶቹ፣ ወጥ ቤት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ ሒሳብ ያዡ ወር ሲደርስ ደመወዝ ይጠብቃሉ። መስከረም ሲጠባ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ክረምት ሲገባ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። አንዱን ጥርሱን ያመዋል፣ አንዷ መነጽር ይታዘዝላታል። ይህ ዕለት ዕለት የሚፈስ ወጪ ነው። ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ደግሞ ደስ የሚለው አንዴ ተሠርቶ የሚመረቅ ነገር ላይ ማረፍ ነው፤ መኝታ ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የመጫወቻ ሜዳ። «የወጥ ቤት ሠራተኛዋን የጥር ደመወዝ እኔ ልክፈል» ብሎ የሚጽፍ ለጋሽ ብርቅ ነው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ አምስት ሕንፃ ቆሞ ጓዳው ባዶ የሆነበት ቤት ማየት የተለመደ ነው።

ገንዘቡ የሚደርቅበት ምክንያትም ብዙውን ጊዜ ክፋት አይደለም። ደጋፊ የነበሩት ሽማግሌዎች ያርፋሉ፤ ምዕመኑ ይቀንሳል፤ አዲስ ፓስተር ይመጣና ልቡ ወደ ሌላ አገር ያደላል። አንዳንዴ ደግሞ ሕግ ይለወጣል። ጥር 2010 ዓ.ም. ላይ የኢትዮጵያ ፓርላማ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሲያስቀር፣ በጉዲፈቻ ኤጀንሲዎች ገንዘብ ሲተዳደሩ የነበሩ ማሳደጊያዎች ምንጫቸው ደረቀ። ሕጉ ልክ አልነበረም ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም ልጆች ወደ ሸቀጥነት ሊለወጡ ከጫፍ በደረሱበት ሰዓት የመጣ ሕግ ነው። የአንድ ቤት እንጀራ በአንድ ክር ላይ ተንጠልጥሎ ሲኖር ግን ምን እንደሚመጣ አሳይቶናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚደጎሙ ቤቶች ለጊዜው ፈገግ አሉ። ዘይቱ፣ ዱቄቱ፣ መድኃኒቱ ተከትሎ ሲወጣ ፈገግታው ብዙ አልቆየም።

ይህ ጉዳይ ለሐረር አዲስ አይደለም። የካፑቺን ሚስዮናውያን በጳጳሱ ታውሪን ካኛ መሪነት ሐረር የገቡት እ.ኤ.አ. በ1881 ነው፤ ከተማዋ ገና በግብፆች እጅ ሳለች፣ ምኒልክም ጨለንቆ ላይ ከማሸነፋቸው ከዓመታት በፊት ማለት ነው። በዙሪያው ከነበሩት ሕዝቦች፣ ከባርነት ከተላቀቁትም ጭምር፣ ልጆች ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ቆየት ብሎ ኢትዮጵያውያን አባ እንድርያስ የሚሏቸው ሞንሲኞር ዣሮሶ መጡ፤ ለአሥርተ ዓመታት እዚሁ ኖረው፣ ልጅ ተፈሪ መኮንንን ካስተማሩት አንዱ ሆኑ። ሌላው መምህር አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ፤ በ1907 ዓ.ም. ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ በሰጠመ ጊዜ ሕይወታቸው ያለፈው ማለት ነው። ይህን የማነሣው ታሪክ ለመዘርዘር ብዬ አይደለም። የውጭ ሰው በበጎ ፈቃድ መጥቶ የሐረርን ልጅ ማሳደጉና ማስተማሩ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነገር ነው። «ከውጭ የሚመጣው ቢቀርስ?» የሚለው ጥያቄም የዚያኑ ያህል ዕድሜ አለው።

ከዚያ ዘመን ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ሐሳቤ የሚመጣው የቅዱስ አንጦንዮስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ እዚህ ሐረር የተመሠረተ ነው፤ መሥራቹም አባ ማሪ በርናር የተባሉ ካፑቺን ነበሩ። ከዚያው መጠለያ ጋር የተያያዘ ማተሚያ ነበረ፤ በኢትዮጵያ የጋዜጣ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ የሚቆጠረው «ለ ሰመር ዴትዮፒ» የተባለው የፈረንሳይኛ ኅትመት ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው በዚሁ ነው። ማንም ሊቀርባቸው በማይፈልገው ሕሙማን አጠገብ የኅትመት ሥራ! ከዚያስ? የጅቡቲው ባቡር አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ቆመ እንጂ ወደ ሐረር አልወጣም። ወረቀት የሚገባው፣ ነጋዴው የሚሰበሰበው፣ ሕዝቡ የሚመላለሰው ታች ሆነ። ማተሚያውም ወደ ድሬዳዋ ወረደ፤ በቅዱስ አልዓዛር ስምም ታወቀ። ሕሙማኑ ግን እዚሁ ሐረር ቀሩ። የበጎ አድራጎት ቤት አጠገብ ሥራ ለሚከፍት ሁሉ ይህን ታሪክ ደጋግሜ እነግረዋለሁ፤ ምክንያቱም ሥራ ገበያውን ተከትሎ ይሄዳል፣ ለችግረኛው ብሎ አይቆይም።

ራሱን የቻለ የልጆች ቤት በዓለም ላይ ታይቷል ወይ ለምትሉ፣ በጀርመን አገር ሐለ የተባለች ከተማ አለች። አውጉስት ሄርማን ፍራንከ የተባለ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1695 በቤቱ ባስቀመጠው የምጽዋት ሳጥን ውስጥ ባገኛት ጥቂት ገንዘብ የድኾችን ልጆች ማስተማር ጀመረ፤ በ1698 የወላጅ አልባ ልጆች ቤት መሠረት ጣለ። (ነገሩ ከእኛ ያን ያህል የራቀ አይደለም። የፍራንከ ወዳጅ የነበረው ሃይንሪኽ ቪልሄልም ሉዶልፍ፣ ከአባ ጎርጎርዮስ ግእዝና አማርኛ የተማረው የኢዮብ ሉዶልፍ የወንድም ልጅ ነው።) ፍራንከ ከቤቱ ጎን መድኃኒት ቤት፣ መጻሕፍት መሸጫና ማተሚያ አቆመ። የሐለ መድኃኒት ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ነበር፤ ቤቱም ለብዙ ዘመን ከዚያ ይበላ ነበር። ለስብከት የሚጠቅሱት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚተዉት ግን ይህን ነው፦ የአገሩ መስፍን ከግብር ነፃ የሚያደርግ መብት ሰጥቶት ነበር፤ መድኃኒቱን የሚቀምመውም በሙያው የታወቀ ሐኪም እንጂ ከልጆቹ አንዱ አልነበረም። ስጦታም ቢሆን ከመምጣት አላቋረጠም። ራስን መቻል ማለት ስጦታ እምቢ ማለት ከሆነ፣ ፍራንከም ራሱን አልቻለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። እማሆይ ቴሬዛን ለመጥቀስ የምንፈጥን ሰዎች የራሳችንን እናት አበበች ጎበናን ሳናነሣ እናልፋለን። በ1972 ዓ.ም. ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው፣ በረኃብ የተጎዳውን የወሎን ሕዝብ አዩና ወላጆቻቸው ያለቁባቸውን ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ቤተሰባቸው ተቃወመ፤ እርሳቸው ከቤታቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር ኖሩ። ያን ጊዜ ስፖንሰር የለም፣ የፕሮጀክት ሰነድ የለም። እንጀራ ጋግረው፣ ቆሎ ቆልተው እየሸጡ ነው ያሳደጓቸው። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቶ ከውጭም ድጋፍ ማግኘት ሲጀምር እንኳ ጥልፉ፣ ባልትናው፣ እርሻው አልቀረም። ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው። የእርሳቸውን ቆሎ ማን ገዛው? የአዲስ አበባ ጎረቤት ነው የገዛው። መጀመሪያ ላይ ሳያዝንላቸው አልቀረም፤ በኋላ ግን ቆሎው ስለጣፈጠው መግዛቱን ቀጠለ።

አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው ሰላም የሕፃናት መንደርም ሊጠና የሚገባው ነው። መሥራቿ ወይዘሮ ፀሐይ ሮሽሊ ኢትዮጵያዊት ሆና በስዊዘርላንዳውያን ቤተሰብ ያደገች ናት፤ ገንዘቡ ከስዊዘርላንድ ወዳጆች ነው የመጣው። ከልጆቹ ቤት ጎን የሙያ ማሠልጠኛ ተቋቋመ፤ ከማሠልጠኛውም የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ፣ የውኃ ፓምፕ እየተመረተ ለገበያ ወጣ። እዚያ የተሠራ ፓምፕ የሚገዛ ገበሬ ወላጅ አልባ ለመርዳት ብሎ አይገዛም። ውኃ ስለሚያወጣለት ይገዛል።

አሁን ሐረር ላይ እንቁም። አንድ ከውጭ የመጣ ወዳጃችን ለልጆች ቤት አምስት መቶ እንቁላል ጣይ ዶሮ ሊገዛ ፈለገ እንበል። በጎ ሐሳብ ነው፤ እርሳስ ይዘን እናስላው። ጫጩቷ እንቁላል እስክትጥል አምስት ወር ገደማ ትበላለች፤ በእነዚያ ወራት አንዲት ሳንቲም አታስገባም። መጣል ከጀመረች በኋላ አንዷ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች፤ አምስት መቶዎቹ በየቀኑ ከ55 እስከ 60 ኪሎ ማለት ነው፤ ገናም ነው፣ ፋሲካም ነው፣ መኖ የጫነው መኪና መንገድ ላይ ቢቀርም ነው። ከዶሮ እርባታ ወጪ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ይኸው መኖ ነው። ወዳጃችን ግን ገንዘብ የላከው ለዶሮውና ለቤቱ ነው፤ የአምስት ወር መኖ የሚባል ነገር በማመልከቻው ላይ አልነበረም። እንግዲህ በአራተኛው ወር ላይ ሥራ አስኪያጁ ምን ያደርጋል? ከልጆቹ ምግብ ቀንሶ ለዶሮዎቹ ያበላል፤ አለዚያም ዶሮዎቹን ሳይጥሉ ይሸጣቸዋል። በሌላ ከተማ የሆነውን ሰምቻለሁ፤ ስም አልጠራም።

መኖው ተሟልቶ እንቁላሉ መጣ እንበል። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ኦርቶዶክሱ እንቁላል አይገዛም። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የነቢያት ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ፤ ተደምሮ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ለአዲስ አበባ ዶሮ አርቢ ይህ ራስ ምታት ነው። ሐረር ላይ ግን አምላክ ሌላ ደንበኛ ሰጥቷል። ክርስቲያኑ ሲጾም ሙስሊሙ ይገዛል፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሽያጩ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ይሰበሰባል፤ ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ወተቱ ያን ጊዜ ይፈለጋል። በጀጎል ውስጥ የሚኖረው፣ በፈረስ መጋላ የሚገበያየው፣ ከኤረር በር ከፋላና በር የሚገባው ገዢ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። የሐረርን ክርስቲያናዊ የልጆች ቤት ዓመቱን ሙሉ የሚያቆመው ደንበኛ ሙስሊሙ ጎረቤቱ ነው። ይህን ሳይረዳ የተጻፈ የራስን መቻል ዕቅድ ቢቀደድ አይጎዳም።

ከዚህ የሚከተል ነገር አለ። ሥጋ መሸጥ አይቻልም፤ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ አይገዛም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፤ ልኳንዳ ብንከፍት ከተማዋን ለሁለት ከፍለን ከግማሹ ጋር ብቻ እንቀራለን። ዳቦ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ አትክልት ግን የሁሉም ነው። «የሐረርጌ ሰንጋስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሰንጋውን ከነሕይወቱ መሸጥ ይቻላል፤ ግን ገበሬውን መወዳደር አንችልም። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን አርሶበት፣ ከማሽላ ማሳው እየሳሳ የሚያወጣውን ለምለም ቡቃያ በእጁ እያጎረሰ ነው የሚያደልበው። መኖው ከማሳው ይወጣል። እኛ ያንኑ መኖ በብር ገዝተን ከእርሱ ጋር በአንድ ገበያ ብንቆም ገንዘባችንን ሳር ያደረግን ያህል ነው።

ጫትን ላንሣው፤ ካላነሣሁት ከእናንተ አንዱ ያነሣዋልና። ከዚህ እስከ አወዳይ ባለው መሬት ላይ ከጫት የተሻለ ገንዘብ የሚያመጣ ሰብል ማግኘት ይከብዳል። መሬት ያለው ማሳደጊያ ጫት ቢተክል በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ከብዙ ለጋሾች ይበልጥ ያገኝ ይሆናል። ልጆቹ የሚያድጉበት ግቢ ውስጥ ጫት እየለቀሙ ለገበያ ማቅረብ ተገቢ አይመስለኝም፤ ነገር ግን በጫት የሚተዳደረውን ገበሬ ከመድረክ ላይ ቆሞ መውቀስም አልወድም። የዚያ ገበሬ ልጅ ነው አንዳንዴ የእኛ ቤት ውስጥ የሚያድገው።

ውኃስ? ሐሮማያ ሐይቅ ለመስኖና ለመጠጥ ውኃ ተስቦ፣ በደለል ተሞልቶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደርቆ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውኃ ተመልሶበታል። በመካከሉ ግን የሐረር የመጠጥ ውኃ ከድሬዳዋ ወገን ካለው የከርሰ ምድር ውኃ ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ። የከተማው ሰው ውኃ በፈረቃ እየጠበቀ ሳለ በማሳደጊያ ግቢ ውስጥ የቲማቲም እርሻ መስኖ ማቀድ ከጎረቤት ጋር ጠብ ማቀድ ነው። የጣሪያ ውኃ ማጠራቀሚያ ያለው ቤት ለጓሮ አትክልት ይበቃዋል፤ ከዚያ ያለፈውን ለገበሬው እንተውለት።

«ታዲያ አንተ ምን ትመርጣለህ?» ብትሉኝ ለውዝ እላለሁ። ባቢሌ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለውዝ ለጾም ይበላል፣ ለፍስክ ይበላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል፤ እንደ እንቁላል አይሰበርም፣ እንደ ወተት አይበላሽም። የለውዝ ቅቤ በዕቃ ታሽጎ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ይሸጣል። ችግሩ እርጥበት ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ ለውዝ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ የምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ይህን አሳይተዋል። ስለዚህ ምርቱን ለቅሞ የሚለይ ሠራተኛ፣ ማድረቂያ፣ ማስመርመሪያ ያስፈልጋል። የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነው፤ ሰባ ዓመት ገደማ ያስቆጠረው የግብርና ትምህርት ቤት አጠገባችን ሳለ ባለሙያ ከውጭ አገር በአውሮፕላን ማስመጣት ምን ይባላል? ከውጭ የሚመጣ ወዳጅ ገንዘቡን ለማድረቂያና ለምርመራ ቢያውለው ከአምስት መቶ ዶሮ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

እስካሁን ስለ ዕቃ ነው የተናገርኩት፤ አሁን ወደሚያስቸግረው ልግባ። ደንበኛችን ሙስሊሙ ጎረቤት ከሆነ፣ ያ ጎረቤት ስለ ቤቱ ምን ያስባል? ክርስቲያናዊ ማሳደጊያ ሲባል «ልጆቻችንን ሊያስክዱ ነው» የሚል ጥርጣሬ አብሮ ይመጣል። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ቦታ ያ ተደርጓል። እስልምና የቲምን፣ ማለትም ወላጅ አልባ ልጅን፣ ማሳደግን ትልቅ ምግባር ያደርጋል፤ ነቢዩ ሙሐመድ ራሳቸው የቲም ሆነው ነው ያደጉት። የቲሙ ግን የአባቱን ስምና ዘር ይዞ እንዲያድግ ይጠይቃል። የሐረሪው አፎቻም የሰው ቤት ሲዘጋ፣ ሐዘን ሲገባ አብሮ የሚቆም ማኅበር ነው፤ እኛ በእድር እንደምናደርገው ማለት ነው። ስለዚህ በየልጁ መዝገብ ላይ የወላጆቹ እምነት ይጻፍ። የሙስሊም ልጅ ረመዳንን ይጹም፣ ዘመዶቹ ይምጡ ይጠይቁት፣ ከአፎቻው ሽማግሌዎች አንዱ በቦርዱ ውስጥ ይቀመጥ። ይህን የምለው ክርስትናችን እንዲደበዝዝ አይደለም። የቤቱን በር ለሁሉም ክፍት ማድረግ የክርስትና ሥራ ስለሆነ ነው። ዳቦውን የሚገዛው ሰው ዳቦው ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ መብቱ ነው፤ ልጁ ቤት ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ማወቅም ከዚያ ይበልጣል።

ኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደርን ሐረር ላይ የማያውቀው የለም፤ ሃይማኖታዊ ድርጅት አይደለም፣ ግን አንድ የምወድለት ነገር አለ። መሥራቹ ሄርማን ግማይነር እ.ኤ.አ. በ1949 ኦስትሪያ ኢምስት ላይ ሲጀምር፣ ጦርነት ያደቀቀው የአገሩ ሕዝብ እያንዳንዱ በወር አንድ ሺሊንግ እንዲያዋጣ ነው የለመነው። ከሀብታም አንድ ሚሊዮን አልለመነም። እኛም ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚወርደውን ሕዝብ እናውቃለን፤ ራስ መኮንን ከዐድዋ በኋላ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለቱን ያፈሳል። የሚሰጥ ሕዝብ የለንም ማለት ውሸት ነው። የሚሰጠውን ሕዝብ ቤቱ ድረስ ሄደን «በወር ሃምሳ ብር ስጠን፣ የት እንደገባም በየሦስት ወሩ እናሳይሃለን» አላልነውም።

ስለ ሕጉ አጭር ነገር ልናገር። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት አዋጅ ገቢ ማስገኘትን አጥብቦ ይይዝ ነበር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን ድርጅቶች ለዓላማቸው ገቢ የሚያስገኝ ንግድ እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል፤ ትርፉ ለአባላት እንዳይከፋፈል፣ የአስተዳደር ወጪም ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ይደነግጋል። ከዚህ የምወስደው ምክር ንግዱና ቤቱ ተለያይተው ይቁሙ የሚል ነው። የለውዙ ሥራ የራሱ ፈቃድ፣ የራሱ የባንክ ሒሳብ፣ የራሱ ሥራ አስኪያጅ ይኑረው፤ ግብሩን እንደ ማንኛውም ነጋዴ ይክፈል። ሁለቱ ሲደባለቁ ሥራ አስኪያጁ በልጆቹ ዘይት የንግዱን ዕዳ ይሸፍናል፤ ሌብነት ከመጀመሩ በፊት የሚጀምረው እንዲህ ያለው መደበላለቅ ነው።

ልጆቹስ ይሥሩ? ሁልጊዜ ይጠየቃል። ቤተሰብ ውስጥ ያለ ልጅ ውኃ ይቀዳል፣ ጓሮ ያጠጣል፤ ይህ ልጅ የማሳደግ አንዱ ክፍል ነው። የቤቱ ዕለታዊ ዳቦ በልጆቹ ጉልበት ላይ እንዲቆም ማድረግ ግን ሌላ ነው። ልጅ ፈተና ሲደርስበት ለውዝ አይለቅምም ማለት መቻል አለብን። ዕድሜው ሲደርስ ሙያ ሊማርበት ቢመጣ ደመወዝ ይከፈለው፤ ከቤቱ ሲወጣም ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ይውጣ።

ከውጭ ለመጣችሁ ወገኖች ደግሞ፣ ከቶሮንቶም ከሜልበርንም ከዋሽንግተንም የመጣችሁ አላችሁ፣ በግልጽ እናገራለሁ። ያገለገለ ልብስ በኮንቴይነር አትላኩ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የሚከፈለው ቀረጥና የማከማቻ ክፍያ አዲስ ልብስ እዚሁ ሸዋ በር ገበያ ይገዛል፤ ልብስ ሰፊውም ጎረቤታችን ነው። ገንዘባችሁን ስጡ ስላችሁ ግን ለሕንፃ አይደለም። መጀመሪያ የአንድ ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛና የአንድ ንግድ የሚያውቅ ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ ለሦስት ዓመት ክፈሉ። ቀጥሎ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ፤ ያቺ ዶሮ እስክትጥል፣ ያ ለውዝ ተሸጦ እስኪመለስ የሚቆይ። ከዚያ ድጋፋችሁን በየዓመቱ እየቀነሳችሁ የምትወጡበትን ቀን ዛሬ ተነጋግራችሁ ጻፉ። በድንገት መተው ልጆቹን ይጎዳል፤ መቼም አለመተው ደግሞ ሥራ አስኪያጁን ያሰንፋል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ከሁሉም የሚያንሰው ወጪ እርሱ ነው። መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ባወጣው የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያ የመጨረሻ አማራጭ ነው ይላል። በብዙ ቤቶች ካሉ ልጆች መካከል ቢያንስ አንድ ወላጅ ወይም አያት ያላቸው አሉ፤ ወደ ማሳደጊያ ያመጣቸው ሞት ብቻ ሳይሆን ድህነትም ነው። ያቺ አያት ወር በወር ጥቂት እህልና የትምህርት ቤት ወጪ ብታገኝ ልጁን ራሷ ታሳድገዋለች፤ ወጪውም አልጋ፣ ሞግዚትና ዘበኛ ካለበት ግቢ እጅግ ያነሰ ነው። ኢየሩሳሌም በሚለው ስም በ1977ቱ ድርቅ ማግሥት የተቋቋመው የሕፃናት ማሳደጊያ ድርጅት ልጆቹን ወደ ቤተሰብ እየመለሰ ሥራውን ወደ ማኅበረሰብ ማዞሩ ለዚህ ምሳሌ ነው። አርባ አልጋ ያለው ቤት አሥራ አምስት ልጅ ብቻ ቢቀርለት፣ ሃያ አምስቱም ከአያትና ከአክስት ጋር ቢኖሩ፣ የለውዙ ሥራ ወጪውን የመሸፈን ዕድሉ በእጅጉ ይጨምራል። ለለጋሽ ይህን መናገር ግን ከባድ ነው፤ ብዙ አልጋ ማየት የለመደ ዓይን ባዶ አልጋ ሲያይ ሥራው የከሸፈ ይመስለዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት የማሳደጊያው ቦርድ ሲሰበሰብ ሦስት ሰነድ ጠረጴዛው ላይ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ፤ የእያንዳንዱ ልጅ ዘመድ የት እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር፣ ያለፉት ሁለት ዓመታት ወጪ በወር በወር፣ እና ፈረስ መጋላ ላይ የለውዝ ቅቤ የሚሸጡ ሱቆች ዋጋ። ሦስተኛውን ለማምጣት የሚወጣው ሰው ኦሮምኛና ሐረሪኛ የሚችል ቢሆን ይመረጣል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፈቃደኛ ካለ ስሙን ከመውጣቱ በፊት ለጸሐፊዋ ይስጥ።